ጭራቁና ጀበናው፤ ስለ አስፈሪ ተረቶችና ስለ ተፈሩ ሰዎች

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» እንዲሉ፥ አባቶቻችን ለልጆቻቸው ሊያስተላልፉ የፈለጉትን ምክር በተረት እየጠቀለሉ ያወርሱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከተረቶችም ሁሉ በልጅነት አእምሮ ውስጥ ጠልቆ የሚቀረው የሚያስፈራው ነው። ስለ ጥንቸልና ስለ ጦጣ የተነገረንን ብንረሳ፥ ሰው ስለሚበላው ጭራቅና ሌሊት ጅብ ሆኖ ስለሚዞረው ሰው የሰማነውን አንረሳም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፥ በጌራም ሆነ በቦንጋ፥ ማታ ቡና ሲፈላ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ወደ ውጭ ለመውጣት ያልፈራ ልጅ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

የአስፈሪ ታሪክ ጥበብ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው ነው። ከዚህም ጥበብ ውስጥ አንዱ ክፍል በተለይ የሚያስደንቅ ነው፤ ይኸውም ደራሲው አስፈሪውን ፍጡር ራሱን እንዲናገር አድርጎ፥ በመጀመሪያ የፈራነውን በመጨረሻ እንድናዝንለት የሚያደርገው ታሪክ ነው። እኔም ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጉዳይ በታሪክ መንገድ ጥቂት ልመረምር አሰብሁ። የምመረምረውም ይህ ነው፤ በአገራችን ሁለት ዓይነት የጭራቅ ተረት አለ። አንደኛው ተረት ከጭራቁ ውስጥ ሰውን ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን ሰውን አንሥቶ ጭራቅ ያደርገዋል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የተማረ ሰው ተግባር ነው። ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

በውጭ አገር የታዘነላቸው ጭራቆች

በ12ኛው ምዕተ ዓመት ማሪ ደ ፍራንስ የተባለች ባለቅኔ «ቢስክላቭሬ» የሚባል ታሪክ በግጥም ጽፋ ነበር። የታሪኩ ባላባት በየሳምንቱ 3 ቀን ተኩላ እየሆነ ዱር ይገባል። ወደ ሰውነቱ የሚመለሰው የደበቀውን ልብሱን ሲያገኝ ብቻ ነው። ሚስቱ ምሥጢሩን ባወቀች ጊዜ ልብሱን አሰረቀችበትና ምስኪኑ ተኩላ ሆኖ ቀረ። ከዚያም በኋላ ንጉሡ ለአደን ሲወጣ ውሾቹ ከበቡት፤ ተኩላው ግን ወደ ንጉሡ እርካብ ቀርቦ እግሩን ሳመ። ንጉሡም የሰው ልቡና እንዳለው ተረድቶ ውሾቹን ከለከለለት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉው ተኩላው አይደለም፤ ልብሱን የሰረቁት ናቸው።

ከዚህ በኋላ በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1740 ማዳም ደ ቪልነቭ «ውቢቱና አውሬው» የተባለውን ረጅም ተረት አሳተመች። እ.ኤ.አ. በ1756 ደግሞ ልጃገረዶችን ታስተምር የነበረችው ማዳም ለፕረንስ ደ ቦሞን ይህንኑ አሳጥራ ለተማሪዎች ንባብ አዘጋጀችው። እስከ ዛሬ በዓለም የታወቀው ይህ ያጠረው ነው።

ከሁሉ የበለጠ ግን የእንግሊዛዊቱ የሜሪ ሼሊ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ፥ ዐመዱ ሰማዩን ስለ ጋረደው በሚቀጥለው ዓመት በአውሮፓ የበጋው ወራት ቀዝቃዛና ዝናባም ሆነ። ሜሪና ጓደኞቿ በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ከቤት መውጣት ስላልቻሉ፥ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንዲጽፉ ተስማሙ። እርሷም «ፍራንከንሽታይን» የተባለውን ታሪክ ጀመረች፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1818 ታተመ። ድርሰቱን ስትጀምር ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበረ፤ ይህም በመጨረሻው ክፍል ያለን ተማሪዎች ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ፍራንከንሽታይን የጭራቁ ስም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የፈጣሪው ተማሪ ስም እንጂ የፍጡሩ ስም አይደለም። ፍጡሩ ስም አልተሰጠውም። ፈጣሪው መልኩን አይቶ ሸሸው። ፍጡሩም ከአንድ ድኻ ቤተ ሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ በግድግዳው ቀዳዳ እያየ ቋንቋቸውን ተማረ። ሌሊትም ዱር ገብቶ ማገዶ እየለቀመ በደጃቸው ይከምርላቸው ነበር፤ እነርሱም ማን እንደ ሠራላቸው ሳያውቁ ይሞቁበታል። በመጨረሻ ደፍሮ ሲገባ፥ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግነት ተቀበለው። ዓይን ያላቸው ልጆቹ ሲመጡ ግን መልኩን አይተው በዱላ አባረሩት። ክፋትም የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን የማገዶ ነገር ልብ እንድትልልኝ እለምንሃለሁ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እናገኘዋለንና።

በቤታችን ያለው ታላቅ ምሳሌ

አንዳንድ ሰው ለጭራቅ ማዘን ከውጭ አገር የመጣ ሐሳብ ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ከሜሪ ሼሊ በብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ በኢትዮጵያ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነገርና ይነበብ ነበር።

ይህ ታሪክ የሚገኘው በተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መግቢያ ግድም (እ.ኤ.አ.)፥ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደ ተመለሰ ይታመናል፤ ከዚያም በአገራችን የተጻፉ ተአምራት እየተጨመሩበት ሄደ። በላዔ ሰብእ የቅምር አገር ሰው ነበረ። መጀመሪያ እንግዳ ተቀባይና ደግ ሰው ሲሆን፥ ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ አሳታቸውና ልጁን አሳረደው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡ ተለወጠ፤ የሰው ሥጋ እንጂ ሌላ የማይበላ ሆነ። ቤተ ሰቡን ሁሉ ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ጭራቅ በየትኛው ተረት ይገኛል?

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አንድ ቀን በመንገድ ላይ በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በልዩ ልዩ ስም ለመነው፤ በመጨረሻም በእመቤታችን በማርያም ስም ለመነው። በዚያን ጊዜ የጭራቁ ልብ ራራና ጥርኝ ውሃ አጠጣው። ሲሞትም 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፥ ጥርኙ ውሃ በሌላው ወገን በሚዛን ተቀመጡ፤ እመቤታችንም በጥላዋ ጋረደችለትና ውሃው ደፋ። ይህ ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ግድግዳ ላይ ሰው በላውና ሚዛኑ ተሥለው ይታያሉ።

ስለ ሃይማኖቱ ትርጓሜ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም፤ የሚከራከሩበት ሊቃውንት አሉ። እኔ የምመለከተው የታሪኩን አነጋገር ነው። ታሪኩ ኃጢአቱን አልደበቀም፤ ቁጥሩን እስከ 78 ድረስ ቆጥሮ ነግሮናል። ሆኖም ጭራቁ አስቀድሞ ደግ ሰው እንደ ነበረ፥ በማንና እንዴት እንደ ተለወጠ፥ በመጨረሻም ከውስጡ ጥርኝ ውሃ የምታህል ሰውነት እንደ ተገኘች አሳይቶናል።

የሰማዕቱ የመርቆሬዎስም ታሪክ እንዲሁ ነው። በዚህ ታሪክ ፊታቸው የውሻ የሆነ 2 ሰው በላዎች አሉ፤ የሰማዕቱን አያት ከበሉ በኋላ መልአክ በእሳት ከበባቸውና ወደ እምነት ተመለሱ፤ ከዚያም የቤተ ሰቡ ተከታዮች ሆኑ። የአገራችን ሠዓልያንም እነዚህን ውሻ ፊቶች ከቅዱሱ ፈረስ አጠገብ ሥለዋቸዋል። እንግዲህ ከጭራቁ ውስጥ ሰውን የሚፈልገው ተረት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም።

ሰውን ጭራቅ የሚያደርገው ተረት

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንለፍ። በብዙው የአገራችን ክፍል ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራውና ቆዳ የሚፍቀው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ቡዳ ቀን ሰው፥ ሌሊት ጅብ ነው ይባላል። በዓይኑ አይቶ ይበላል፥ የቀበሩትን ሬሳ ያወጣል ይባላል። ከተገደለም ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ እየተባለ ይወራል። «ይባላል» የሚለውን ቃል ደጋግሜ የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነውና።

ከጥንት የተጻፈ አንድ ምስክርነት እንመልከት። ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ (እ.ኤ.አ.) በትግራይ ብዙ ዓመታት ኖሯል፤ ማስታወሻውም እ.ኤ.አ. በ1831 በለንደን ታተመ። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የጓደኛው የኮፊን ታሪክ ይገኛል። የኮፊን አንድ አሽከር ቡዳ ነው ይባል ነበር። ይህ አሽከር አንድ ማታ እስከ ነገ ድረስ ፈቃድ ጠየቀና ተፈቀደለት። ወዲያው የቀሩት አሽከሮች ጅብ ሆነ፥ ጅብ ሆነ እያሉ ጮኹ። ኮፊን ዞር ብሎ ሲመለከት በገላጣው ሜዳ ላይ አንድ ጅብ ሲሮጥ አየ፤ ሰውየው ግን የለም። ጧት አሽከሩ ሲመለስ ተጠየቀና አልካደም።

ታሪክን የሚማር ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። ኮፊን ምን አየ? አንድ ሰው ሲሄድ አየ፤ ቀጥሎም አንድ ጅብ አየ። ሰው ወደ ጅብ ሲለወጥ ግን አላየም። ለውጡን የጨመሩለት የአሽከሮቹ ጩኸትና አስቀድሞ የሰማው ወሬ ናቸው። አሽከሩስ ስለ ምን አልካደም? ሁሉ የሚፈራውን ስም ከተሸከመ ሰው ክዶ የሚያተርፈው ነገር ምንድን ነው? ቢክድ የሚያምነው የለም፤ ባይክድ ግን ቢያንስ የሚደፍረው አይኖርም። እንግሊዛዊው ስለ ጅቡ ብዙ ጽፏል፤ አሽከሩ በዚያች ሌሊት የት እንዳደረ የጠየቀው ግን የለም።

ይህ ስም በማን ላይ እንደሚወድቅ ብንመረምር ምክንያቱ ከአስማት ይልቅ ከርስት ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። ለምሳሌ በጎንደር አገር የነበሩትን ቤተ እስራኤሎች እንውሰድ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429) ያልተጠመቀ ሰው ርስት አይኑረው እንደ ተባለ በትውፊት ይነገራል። መሬት ያጣ ሰው የሚኖረው በእጁ ጥበብ ነው፤ ስለዚህ ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፥ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪዎች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቻቸው ማረሻቸውንና ማሰሯቸውን ከእነርሱ እየገዙ፥ በማታ ግን ጅቦች ናቸው አሏቸው። ሐጋር ሳላሞን የተባለች ተመራማሪ ስለዚሁ ጉዳይ ከቤተ እስራኤሎች ጋር ተነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ እንኳ «የጅብ ሕዝብ» የሚል ነው። እነዚህ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፥ ቀጥሎም በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በመጨረሻው ጊዜ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ተወስደዋል። በዚያ ሌሊት አዛውንትና ሕፃናትን ደግፈው ወደ አውሮፕላኑ የወጡት ሰዎች እንጂ ጅቦች አልነበሩም።

በከፋና በጅማ

ከጎንደር ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ጅማ ለብዙ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት፥ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ ክልል ስትሆን፥ ከፋ ከኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ቡናው፥ ገበያውና መንገዱ ግን አሁንም አንድ ላይ ያስተሳስሯቸዋል፤ ተረቱም እንደዚሁ።

የከፋ መንግሥት እስከ 1890 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩት በዚያን ጊዜ ነው። በዚህ መንግሥት ውስጥ ማንጆ የተባሉ ወገኖች ነበሩ፥ ዛሬም አሉ። ማንጆዎች አዳኞች ናቸው፤ ጫካውን እንደ እነርሱ የሚያውቀው የለም። ለጎረቤቶቻቸውም ማገዶና ከሰል ያቀርቡ ነበር። ኦስትርያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ከፋ ሄዶ ስለ አገሩ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በ2 ጥራዝ ሲያሳትም ስለ እነርሱም ጽፏል።

ማንጆዎች የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ ተብለው እንደ ርኩሳን ተቆጠሩ። ከከፋ ሰው ቤት አይገቡም፤ ምግብ ቢሰጣቸው በደጅ በኮባ ቅጠል ላይ ነው። ከእነርሱ ጋር ጋብቻ የለም። ዓይናቸው ይጎዳል፥ ወደ አውሬነትም ይለወጣሉ ተባለ። ነገር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። የከፋ መንግሥት ዳር ድንበሩን በጥልቅ ጉድባና በአጥር ያስጠብቅ ነበር፤ የመግቢያውን በር ይጠብቁ ከነበሩትም ማንጆዎች ይገኙ ነበር። በቤቱ ደጃፍ እንዳይገቡ የተከለከሉት ሰዎች የመንግሥቱን ደጃፍ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው። ጭራቅ ነው ብሎ በእውነት የሚያምን ሕዝብ የአገሩን በር ለጭራቅ ይሰጣልን?

ማገዶውንም እናስታውስ። በሜሪ ሼሊ ታሪክ ስም የሌለው ፍጡር ሌሊት ማገዶ ለቅሞ በደጅ ይከምራል፤ በቤቱ ያሉት ይሞቁበታል፤ መልኩን ባዩ ጊዜ ግን ያባርሩታል። እርሷ በልቧ ፈጥራ የጻፈችው ነገር በከፋ ጫካ ዳር የሰው ኑሮ ነበር። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የእርሷ ፍጡር በመጽሐፏ ውስጥ ብዙ ገጽ ይናገራል፤ የእኛ ማገዶ ለቃሚ ግን በተረታችን ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም።

በጅማ መንግሥትም ሁኔታው ከዚህ በጣም የራቀ አልነበረም። ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ ያሳተመው ኸርበርት ሉዊስ እንደሚያስረዳው፥ ዋታ የተባሉ አዳኞች፥ ቱምቱ የተባሉ ቀጥቃጮች፥ እንዲሁም ፋቂዎችና ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ይታዩ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሂርማታን ገበያ ባስፋፉበት ዘመን ነጋዴ ከሩቅ አገር እየመጣ ይከበር ነበር፤ የቅርቡ ሸክላ ሠሪ ግን እንደ ራቀ ቀረ። በዳውሮም ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፍቁት ማና፥ አዳኞቹም ማንጃ ይባላሉ፤ እነርሱም ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል።

አሁን ጀበናውን እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከጉድጓድ ቆፍራ ታወጣለች፥ ጠጠሩን ለቅማ ታነክራለች። የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ጨምራ በእጇ ታሸዋለች፤ ካልተጨመረ በእሳት ጊዜ ይሰነጠቃልና። ከዚያ ያለ መንኰራኵር፥ በጣቶቿ ብቻ፥ ሆዱን፥ አንገቱንና ጆሮውን ታበጃለች። በጥላ ታደርቀዋለች፥ በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፥ በመጨረሻም በእንጨትና በሣር እሳት ትተኩሰዋለች። ነፋስ ቢነሣ ወይም እርጥበት ቢቀር የሳምንት ድካሟ በአንድ ሰዓት ይፈነዳል። የተረፈውን በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። ገዢውም ጀበናውን አንኳኵቶ፥ ተከራክሮና ዋጋ አስቀንሶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

እንግዲህ ጀበናው ቤት ይገባል፤ ሠሪዋ ግን ደጅ ትቀራለች። ቡናው በጀበናው ይፈላል፥ ዕጣን ይጤሳል፥ ቤተ ሰብ ይሰበሰባል፤ ጨዋታውም ሲደራ የጅቡ ሰው ተረት ይነሣል። በእጇ ከሠራችው ዕቃ እየጠጡ እርሷን መፍራት! እጇ የሚያሳምም ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታመም የቡና ጠጪ በሆነ ነበር።

ፍርሃቱ ስለ ምን ተነሣ?

ሦስት ምክንያቶችን ማየት እንችላለን። አንደኛው ከላይ እንደ ገለጽሁት የርስት ማጣት ነው። ባለርስቱ የእጅ ሠራተኛው ያስፈልገዋል፥ ግን እንደ እኩያ እንዲቀመጥ አይወድም። ፍርሃት ከአጥር የጠነከረ መለያያ ሆነለት።

ሁለተኛው የበሽታን መነሻ አለማወቅ ነው። ደኅና ያደረ ልጅ በድንገት ሲያተኩሰውና ሲያንቀጠቅጠው፥ የወባ ትንኝን ያላወቀ ዘመን የሚከሰውን ሰው መፈለጉ አልቀረም። ባለመድኃኒቱም ሕመምተኛውን «ማን በላህ?» እያለ ይጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስም ሳይጠራበት አያበቃም፤ የሚጠራውም ስም አቅም የሌለው ሰው ስም ነው።

ሦስተኛው የምግብና የሃይማኖት ወሰን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላውን ሥጋ የሚበላ ሰው ከሁለቱም ማዕድ ውጭ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ምክንያት ብቻውን እንደማይበቃ በከፋ የሆነው ነገር ያረጋግጣል። ብዙ ማንጆዎች ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ መብላት ትተዋል። ምክንያት የተባለው ተወገደ፤ መጠላቱ ግን አብሮ አልተወገደም። እንግዲያስ ሥጋው ሰበብ እንጂ ሥሩ አልነበረም።

ይህን ክፉ ልማድ ለማስቀረት ከላይ ያልተሞከረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞችን በሙያቸው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም በዚሁ ዐዋጅ አስታውሰዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለብዙ ማንጆዎች የሚያርሱትን መሬት አስገኘላቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ማንጆዎችም ራሳቸው ስለ ደረሰባቸው መለየት ለመንግሥት የጽሑፍ አቤቱታ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋ ጫካ በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፥ ጫካውን ከትውልድ እስከ ትውልድ የሚያውቁት እነርሱ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

ዐዋጅ መሬት ሊሰጥ ይችላል፥ ስድብንም ሊቀጣ ይችላል። ማታ በቡና ላይ የሚነገረውን ተረት ግን ዐዋጅ አይደርስበትም። እርሱን የሚያርመው ተረት ነጋሪው ራሱ ነው።

ተረቱ አድራሻ ሲኖረው

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ተረት ጨዋታ ነው፤ ልጆች ትንሽ ቢፈሩ ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። መልሴ ይህ ነው። አስፈሪ ታሪክን ማንበብ እኔም እወዳለሁ፤ መፍራትም ራሱ ደስታ አለው። ነገር ግን የፍራንከንሽታይን ፍጡር ቤቱ በመጽሐፉ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉን ስንዘጋው አብሮ ይዘጋል። የቡዳው ተረት ግን አድራሻ አለው። ጭራቁ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ በዚያች ጎጆ ነው ይላል። ተረቱ ካለቀም በኋላ የጎጆዪቱ ልጅ ጧት ተነሥቶ ትምህርት ቤት ይመጣል። ከአጠገቡ ማን ይቀመጣል? በእረፍት ጊዜ ከማን ጋር ይጫወታል? ጓደኛው ሆዱን ሲያመው የሁሉ ዓይን ወደ ማን ይዞራል? የተረቱ ዋጋ የሚከፈለው በዚያ ነው፤ የሚከፍለውም ተረቱን ያልተናገረው ልጅ ነው።

ጅቡ ራሱ እንኳ ከተረቱ ውጭ ሲታይ ሌላ ነው። በሐረር ከተማ ማታ ማታ በቅጥሩ በር ለጅብ ሥጋ የሚያጐርሱ ሰዎች አሉ፤ በዓሹራ በዓልም ለጅቦች ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል። በዚያች ከተማ ሰውና ጅብ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ጅብን ማላመድ የቻለች አገር ሸክላ ሠሪዋን ጎረቤት አድርጋ ለመኖር ምን ያግዳታል?

ወጣቶች ጓደኞቼ ሆይ! ከትምህርት ቤታችን ከወጣን በኋላ አንዳንዶቻችን መምህራን፥ አንዳንዶቻችን ሐኪሞች፥ አንዳንዶቻችንም ደራስያን እንሆናለን። አስፈሪ ታሪክ ስትጽፉ ጭራቁን ከታሪካችሁ አታውጡት፤ ተረት ያለ ጭራቅ አይጥምም። ነገር ግን ስም ስጡት፤ ከየት እንደ መጣና ማን እንዳቈሰለው ጠይቁት፤ እንዲናገርም ፍቀዱለት። ለሕፃናት ስትተርኩም ከወንዙ ማዶ ያለችውን ጎጆ የጭራቅ ቤት አታድርጓት።

ወላጆች ሆይ! የምትነግሩን ተረት ከትምህርታችን ሁሉ ይቀድማል፤ ከትምህርታችንም ሁሉ ይልቅ ይጸናል። ስለዚህ ከአገራችን ተረቶች መካከል የትኛውን እንደምታወርሱን ምረጡ። የጥርኙ ውሃ ታሪክም የእኛው ነው፤ የጅቡ ሰው ወሬም የእኛው ነው። ከበላዔ ሰብእ ውስጥ ሰውን ፈልገው ያገኙ አባቶች ልጆች፥ 78 ነፍስ ቀርቶ አንዲት ነፍስ እንኳ ያልበላችውን ሸክላ ሠሪ ጭራቅ ልንላት አይገባንም።

እግዚአብሔር አስተዋይ ልቡና ይስጠን። አሜን።